የአሥራ ሰባት ቁጥር ደም

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18፣ ጠዋት 1፡30

ዛሬም ጣት። ፊቴን ሳልታጠብ መጀመሪያ የማደርገው ያቺን ሌባ ጣት የምትነክስ፣ የደም ኦክስጅን የምትለካ መሣሪያ መሰካት ሆኗል። 91። ትናንት 90 ነበር። ጻፍኩ።

ውጭ አመዳይ ወድቋል። በባልዲ ያደረው ውሃ ስስ በረዶ ለብሷል፤ የሻረግ በጡጫዋ ሰብራ በዚያው ትታጠባለች። የጃናሞራ ልጅ ብርድ አይገባትም። እኔም የዳባት ልጅ ነኝ፣ ደጋ ብርቄ አይደለም፤ ግን ይኸው ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፍልሽ፣ ደብተሬ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ከኮሌጃችን ለተግባር ልምምድ ደባርቅ ጤና ጣቢያ የመጣን የነርስ ተማሪዎች ሃያ አራት ነን። መምህራችን መ/ር ታምራት በልምምዱ ላይ የራሳቸውን ምርምር ደርበውበታል። ሰው ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ደሙና ትንፋሹ ምን ይሆናል? ሦስት ዙር፦ ደባርቅ፣ ቆላው አዲ አርቃይ፣ ከሁሉ ከፍ ያለው ቡይት ራስ። የሚቀዳው የኛ ደም። የሚለካው የኛ ትንፋሽ። ሃያ አራታችንም “ፈቃደኛ ተሳታፊ” ተብለናል።

ፈቃደኛ! ያስፈረምኩት እኔ ነኝ፣ የክፍል ተጠሪዋ። ሦስት ገጽ እንግሊዝኛ። ማንም አላነበበም። ቋንቋው ከብዶን አይደለም፤ የምንማረው በሱው ነው። መ/ር ታምራት ቆመው ሰዓታቸውን ስላዩ ነው። እኔም ፈርሙ፣ ፈርሙ፣ ሰውየውን አታስቁሟቸው እያልኩ በየወንበሩ ዞርኩ። የሻረግ ብቻ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ ማንበብ ጀምራ ነበር። ከእጇ ወስጄ መጨረሻውን ገጽ ገለጥኩላት። እዚህ ጋ አልኳት። ፈረመች።

ከዚያ ስም እንዳይታወቅ ለሁሉም ቁጥር ተሰጠ። እኔ 4፣ የሻረግ 17። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ፤ ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ። ውጤቱን ኮምፒውተር ላይ የማስገባውም እኔ። ምስጢር ጠባቂ ነኝ ብዬ ሌላ ወረቀት ፈርሜያለሁ። ያንንም አላነበብኩትም።

ተረኛ ነኝ። ልሩጥ።

ኀሙስ፣ ኅዳር 20፣ አዲ አርቃይ፣ ከሰ/በ 9፡00

ሙቀት። እስክርቢቶው ከላቤ ጋር ይንሸራተታል። ጠዋት ሊማሊሞን ስንወርድ ሁለት ልጆች አስታወኩ። አንዷ እመቤቴን ትጣራለች፣ ሹፌሩ ይዘፍናል።

ለደሙ በባዶ ሆድ ኑ ተብለናል። ጾምም ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን እንደወረድን ዓይኔ ጭልም አለ። ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት ገባሁ። አንድ ብርጭቆ ሻይ፣ አንድ ቁራሽ አምባሻ። የጾም ሰዓትም ሻርኩ፣ የምርምርም።

መ/ር ታምራት በየተራ ጠየቁን። እህል ውሃ የቀመሰ? የሻረግ ውሃ ጠጥቻለሁ አለች፤ ጻፉላት። ተራዬ ደረሰ። አልቀመስኩም አልኩ። ከስሜ ፊት፣ ማለት ከቁጥሬ ፊት፣ “ባዶ ሆድ” ተጻፈ።

አንድ ቁራሽ አምባሻ ሳይንስ አይገለብጥም። እንዲያ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 22፣ ጠዋት 4፡00

እስክርቢቶው ወረቀቱን ቀደደው። ከንዴት ነው።

በጤና ጣቢያው ግቢ ተሰልፈን ለልኬት ቆመናል። መ/ር ታምራት ፖስታ ይዘው መጡ፤ የመጀመሪያው ዙር ደም ውጤት ከላብራቶሪ ተመልሷል። አንድ ወረቀት አዩና፣ ቀና ሳይሉ፣ 17 ቁጥር ከእንግዲህ አትሰለፍ አሉ።

ሁሉም ዞሮ የሻረግን አየ። ይኸው ነው እንግዲህ “ስም እንዳይታወቅ”።

ምን አጠፋሁ ብላ ጠየቀች። ድምጿ አልሰማ አለ፣ ደገመችው። ምንም አላጠፋሽም፣ ከመስፈርቱ ውጪ ሆነሻል፣ የጥናቱ አሠራር ነው። በቃ። ወደ 18 ቁጥር አለፉ።

የሻረግ ከሰልፉ ወጥታ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ ቆመች። የት እንደምትሄድ ጠፍቷት። በግ እንኳ ከመንጋው ሲለይ ምክንያት ይነገርለታል… ምን እያልኩ ነው? ተናድጃለሁ። ዓረፍተ ነገሬም ተናዷል።

ሰኞ፣ ኅዳር 24፣ ከሰ/በ 11፡00

ምክንያት ያልተሰጠው ነገር ምክንያት አያጣም። ሰው ይሰጠዋል።

የክፍላችን ሙሉቀን፣ ሁሉን አውቃለሁ ባዩ፣ ከምርምር የሚወጣው እርጉዝ ብቻ ነው ብሎ ተናገረ። በሁለት ቀን ደባርቅን ሞላ። የሻረግ ጾም ናትና እስከ 9 ሰዓት አትቀምስም፤ ምግብ አስጠላት አሉ። ደክሟት ጋደም ካለች፣ እዩዋት አሉ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ካሰረች፣ ልትሸፍነው ነው አሉ። የምትሸሽበት አቅጣጫ የላትም።

ትናንት ማታ እራት ላይ ጠየቀችኝ። ማስተዋል፣ አንች ተጠሪ ነሽ፣ ምን አግኝተውብኝ ነው? አላውቅም አልኳት። እውነቴን ነበር። እሷ ግን ቀጠለች፦ ደሜ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የጣሉት?

እጠይቅልሻለሁ አልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 26፣ ከሰ/በ 10፡00

አውቄያለሁ። ምነው ባላወቅሁ።

መ/ር ታምራት ላፕቶፑንና ወረቀቶቹን ሰጥተውኝ ወረዳ ሄዱ። ቁጥሮቹን አስገባለሁ። የቀይ ደም መጠን፣ ምኑ፣ ምኑ። ከዚያ ያልጠበቅሁት ዓምድ። ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ። ሃያ ሦስት ጊዜ ነጌቲቭ። 17 ላይ ፖዘቲቭ።

ደብተሬ፣ ይህን ምርመራ ማንም አልነገረን! ደማችሁን የምንቀዳው ለቀይ ደም ቆጠራ ነው ነው ያሉን። ሳይጠይቁን መረመሩን። አግኝተውም አልነገሯት። አራት ቀን ሙሉ ፖስታው ኪሳቸው ውስጥ። አውጥተው ጣሏት እንጂ፣ አንች ልጅ ሐኪም ዘንድ ሂጂ አላሏትም። ክትትል ያለው ነገር ነው። በጊዜ ከታየ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይኖርበታል። ካልታየ ጉበት ይበላል። እህቶቿም መመርመር አለባቸው፣ እናቷም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ያስተማሩን ማን ሆኑና? እሳቸው!

እሳት ጎረስኩ፣ እሳት ለበስኩ፣ ግን እንደፈረምኩ ትዝ አለኝ። ምስጢር ጠባቂ።

የሻረግ አሁን ከጎኔ ተቀምጣ ካልሲ ትሰፋለች። ቀና ብላ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ራሴን አሞኛል አልኩ። ሆድ ይፍጀው ይላሉ። ሆዴ አይፈጀውም፣ ሆዴን ፈጀው።

ኀሙስ፣ ኅዳር 27፣ ቀትር

ሄድኩባቸው። ቢሮ የሚሏት የካርድ ክፍሏ ጓዳ ናት። በሩን ዘግቼ ነገርኳቸው። አየሁ አልኩ። መቼ ሊነግሯት ነው?

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እንደ ክፍል ትምህርት አስረዱኝ። ምርመራው የተደረገው ላብራቶሪ ውስጥ ደሙን የሚነኩ ሰዎች እንዳይጎዱ ነው። ጥናቱ ለሕክምና አይደለም፣ ለእውቀት ነው። ውጤት ለመንገር የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፣ እሳቸው ያ አይደሉም። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ይታሰብበታል።

ጥናቱ መቼ ያልቃል? ሪፖርቱ ሲጻፍ። መቼ ይጻፋል? ትከሻቸውን ሰበቁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ፈርመሻል አሉኝ። አንዲት ቃል ብትወጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ፤ ነርስ የምትሆኚው ምስጢር ስትይዢ ነው። የሚያስቀው፣ ይህም እውነት ነው። ለዚህ ነው አፌ የተያዘው። ሌላው ቢሆን በጮህኩ።

ወጥቼ የመርፌ ክፍሉ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። ለንዴት የሚሆን ሌላ ቦታ አላገኘሁም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 29፣ ከሰ/በ 8፡00

የየሻረግ አባት መጡ። ቄስ ይግዛው። ለገበያ የመጣ የጃናሞራ ሰው ወሬውን ወስዶላቸው ኖሮ፣ ከሌሊቱ ተነስተው በበቅሎ ወርደዋል። ልጃቸውን አልጠየቁም። መጀመሪያ እኔን አስጠሩኝ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር።

መስቀል ተሳልሜ ቆምኩ። እንዴት ሰነበቱ አባታችን። እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደኅና ነን። መስቀላቸውን በዝግታ ኪሳቸው ከተቱ። አረጋውያን እንደሚያደርጉት፣ ቃሉን ከሩቅ እያመጡ።

“ማስተዋል ልጄ። እውነቱን ንገሪኝ። አልቆጣም። ሰው ነን፣ እንወድቃለን።”

“አባታችን፣ እርጉዝ አይደለችም። በመድኃኔ ዓለም።”

“ተመስገን። እንግዲያ ምን አግኝተውባት ነው ከሰው መካከል የለዩዋት?”

ዝም አልኩ። ደብተሬ፣ ያን ዝምታ ብታዪው። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ። ከእርግዝናው የከፋ ነገር ማሰብ ጀመሩ፣ በእኔ ዝምታ።

ወረቀት ፈርሜያለሁ አልኳቸው። ምስጢር ነው። አያናግሩኝ አባታችን፣ እባክዎ።

አልተቆጡም። ጭራቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። “ምስጢር መያዝ መልካም ነው። እኛም እንይዛለን። ግን የንስሐ ልጅን ምስጢር፣ ልጄ፣ የምንሰውረው ከሌላው ነው እንጂ ከራሱ ከባለቤቱ አይደለም። ከባለቤቱ የተሰወረ ምስጢር ምን ይባላል? ስሙን እኔም አላውቀው።”

በቅሏቸውን ይዘው ወደ ልጃቸው ሄዱ። ምን እንዳወሩ አላውቅም። የሻረግ ስትመለስ ዓይኗ ቀይ ነበር። ስለ እኔ ምንም አልተናገረችም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1፣ ከሰ/በ 10፡30

ትናንት ከቅዳሴ መልስ ሦስቱን ገጽ አነበብኩ። አዎ፣ አሁን። ሁሉ ካለፈ በኋላ።

ገጽ ሁለት፣ ከላይ አራተኛው መስመር። ተሳታፊው የራሱን የምርመራ ውጤት የማወቅ መብት አለው። ቀጥሎ፦ ጤናውን የሚነካ ነገር ከተገኘ ወዲያው ይነገረዋል፣ ወደ ሕክምና ይላካል። ቀጥሎ፦ ባሻው ጊዜ መውጣት ይችላል፤ በትምህርቱ ላይ ምንም ጉዳት አይደርስበትም። ቀጥሎ ግዴታው፦ የተጠየቀውን በእውነት ይመልሳል።

የሻረግ በዚያን ቀን ገልጣው የነበረው ይህን ገጽ ነው። እኔ ነኝ ከእጇ የወሰድኩት።

ዛሬ ቀጥ ብዬ ሄድኩ። መ/ር ታምራት ሊወጡ ሲሉ ደረስኩባቸው፣ ግቢ ውስጥ፣ ሞተር ሳይክላቸው አጠገብ። ወረቀቱን ዘርግቼ መስመሩን በጣቴ አሳየኋቸው።

“ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት?”

“ኮሚቴው የሚጠይቀው ነው። ሁሉም ጥናት ላይ የሚጻፍ ነው።”

“እኮ ከተጻፈ!”

ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ አሉኝ። ዝቅ አደረግሁ። ምስጢሩን ለየሻረግ መንገር ምስጢር ማውጣት አይደለም፣ የሷ ነው አልኩ። እስከ ነገ ቀትር እርስዎ፣ በባለሙያ ፊት፣ በሥርዓቱ ይንገሯት። ካልሆነ ላፕቶፑን አስረክቤ ለዲኑ በጽሑፍ አቀርባለሁ።

ያኔ ተቆጡ። ስለ መብት የምትናገሪው፣ አንቺስ ግዴታሽን ተወጥተሻል? አሉ። ነገር ለማስጣል ያሉት ነው፣ ምንም አያውቁም ነበር።

አልተወጣሁም አልኩ። አዲ አርቃይ ላይ ሻይና አምባሻ በልቼ በባዶ ሆድ ነኝ ብያለሁ። የ4 ቁጥር የዚያ ቀን ውጤት ሐሰት ነው። ያውጡት።

ደብተሬ፣ ሰውየው ግንባራቸውን ያዙ! እንዴት እንዲህ ታደርጊያለሽ፣ ስንት የተለፋበት መረጃ! አመድ መሰሉ። ለአንዲት ልጅ ጉበት ያልደነገጡ ሰው ለአንድ ቁራሽ አምባሻ ደነገጡ። ጥፋቴ ጥፋት ነው፣ አልክድም። አፍሬያለሁ። ግን ያን ፊት ቅዳሜ ዕለት፣ 17 ቁጥር ሲሉ፣ የት አስቀምጠውት ነበር?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2፣ ከሰ/በ 9፡00

ተነገራት።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲ/ር እናትነሽ ክፍሏ ጠራቻት። መ/ር ታምራትም ገቡ። በሩ ተዘጋ። እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ። ግማሽ ሰዓት ያህል። የሲ/ር እናትነሽ ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ረጋ ያለ። መ/ር ታምራት መጀመሪያ ወጡ። ሳያዩኝ አለፉ። ከዚያ ቆሙ፣ ዘግይቷል አሉ፣ ማንን እንደሚያናግሩ ሳይታወቅ፣ ሄዱ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ከአፋቸው ጫፍ ደርሳ የተመለሰች መሰለኝ። ወይ እኔ ተመኝቼላቸው ይሆናል።

የሻረግ ወጣች። አላለቀሰችም። ለጎንደር ሆስፒታል የተጻፈ መላኪያ ይዛለች። አጠገቤ ተቀመጠች።

“አንች መቼ ነው ያወቅሽ?”

“ረቡዕ።”

በጣቷ ቆጠረች። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ… ቅዳሜ ላይ ጣቷ ቆመ።

“አባቴ ሲጠይቁሽ ታውቂ ነበር።”

“አዎ።”

ተነስታ ሄደች። በሩጫ ቢሆን እከተላት ነበር። በቀስታ ነበር።

ስፈርም የያዝኩት ምስጢር እሷን ይጠብቃል ብዬ ነበር። የጠበቀው መ/ር ታምራትን ነው። እኔንም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 3፣ ከሰ/በ 8፡00

ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ። ማንም አልጠራትም፣ ራሷ መጥታ ፊታችን ቆመች። ነጠላዋን አስተካከለች። እንዲህ አለች፣ ቃል በቃል፦

“እርጉዝ አይደለሁም። የጉበት ቫይረስ ተገኝቶብኛል። አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ በመጨባበጥም አይተላለፍም። ተምራችሁታል።”

ተምራችሁታል! ሙሉቀን መሬት መሬት አየ። እኔም።

ምሳ ላይ ግን ምን ሆነ? የምግብ ገበታው ቀረበ። ሁለት ልጆች አልራበንም አሉ። አንዷ በሳህን ለብቻዬ ስጡኝ አለች። የፈተናው መልስ “አይተላለፍም” ሲሆን ያከበቡ እጆች ናቸው እነዚህ። ነርስ ሊሆኑ! እኔ ከየሻረግ ፊት ለፊት ቁጭ ብዬ፣ ከሷ በኩል ቆርሼ በላሁ። ደስ የሚላት መስሎኝ።

ለታይታ አትብይ አለችኝ። ቀስ ብላ። ሌላው እንዳይሰማ።

ልክ ነበረች።

ከአባቷ ጋር በስልክ ተነጋግራለች። ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥተው እስኪደውሉላት ጠበቀች። ምን አሏት? እህቶችሽን ይዤ እመጣለሁ፣ እነሱም ይታዩ ብለዋታል። ስትናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ድምጿ ተሰበረ።

ኀሙስ፣ ታኅሣሥ 4፣ ከሰ/በ 11፡00

ደብዳቤው ለዲኑ ሄዷል። ዛሬ ጎንደር በሚሄድ የጤና ጣቢያው መኪና። የጻፍኩት በአራት ዓይነት ቁጣ ነው፣ ሦስቱን ሰረዝኩ። ሳይጠየቅ ስለተደረገው ምርመራ። ስለ ዘገየው ውጤት። በአደባባይ ስለተጠራው ቁጥር። መጨረሻ ላይ ስለ እኔ፦ ሳላነብ እንዳስፈረምኩ፣ ከአንዲት ልጅ እጅ ወረቀት እንደወሰድኩ፣ የሐሰት መልስ እንደሰጠሁ። ሙሉቀን ይህን አውጪው፣ ራስሽን ትጎጃለሽ አለኝ። አላወጣሁትም። አሥራ አንድ ልጆች ፈረሙ፤ አንድ ሰዓት ፈጀ፣ ሁሉም እያነበበ። ሙሉቀንም ፈረመ፣ መጨረሻ ላይ።

መ/ር ታምራት ከሰዓት መጥተው ነገ ሦስተኛው ዙር ነው፣ ቡይት ራስ፣ ያልመጣ የልምምድ ነጥቡን ያስብበት አሉ። ያስብበት! ገጽ ሁለትን እሳቸውም ዳግመኛ አላነበቡትም ማለት ነው። ስድስት ልጆች አንወጣም አልን። ሌሎቹ ይወጣሉ፤ መብታቸው ነው፣ አልተቆጣሁባቸውም። ትንሽ ተቆጥቻለሁ።

የሻረግ ነገ ጠዋት ጎንደር ትሄዳለች፣ ለቀጣዩ ምርመራ። አባቷና እህቶቿ ዳባት ላይ ይቀበሏታል። ዛሬ ቀኑን ሙሉ አላናገረችኝም። አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ ልብሷን ታጥፋለች፤ ጀርባዋ ወደ እኔ ነው።

የዳባት ልጅ ነሽ፣ መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ አብረሽኝ ነይ አላለችም። አትምጪም አላለችም።

እሄዳለሁ። የ12 ሰዓቱ መኪና ላይ ከኋላዋ ወንበር እቀመጣለሁ። ብታናግረኝ እመልሳለሁ፤ ባታናግረኝም ሆስፒታሉ በር ድረስ አብሬያት እሄዳለሁ።